የወይዘሮ ሊያዎ ኩባያዎች

በካኦሲዩንግ ወደብ፣ መርከብ በሚጮህበት፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከዓሣ ሱቁ አናት፣
አክሲዮን የሚሸጥበት አዳራሽ ነበረ፤
ግድግዳው በሙሉ በቁጥር የታጠረ።
እዚያ አገር ቀይ ማለት ዋጋ ወጣ ማለት ነው፤
አረንጓዴ ሲበራ ነው ሰው ፊቱ የሚጠቁረው።

እኔ መስኮት ሦስት፣ ትእዛዝ ተቀባይ፣
"ግዛ" ሲሉኝ ስጽፍ፣ "ሽጥ" ሲሉኝ ስጽፍ፣ ፊት ሳላይ፤
ፊት የምታይ እሷ ናት፣
ወይዘሮ ሊያዎ፣ የመወልወያው ባለቤት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ደወሉ ሲደወል፣
ሻይ በወረቀት ኩባያ ለሁሉም ይታደል፤
ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ሲዘጋ ገበያ፣
ትለቅማለች እሷ ከየወንበሩ ሥር የተጣለ ኩባያ።
አንድ... ሁለት... ሠላሳ...
ቁጥሩን ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ ትጽፋለች፣ እንዳትረሳ።

መጀመሪያ ሳቅኩባት።
"ኩባያ ምን ያውቃል?" አልኳት።
"ኩባያ አያውቅም" አለችኝ ጨርቋን እየጨመቀች፤
"ሰው ግን..." ብላ ጀምራ፣ ሳትጨርስ ሄደች።

ያን ዓመት ግድግዳው ቀይ በቀይ ሆነ፤
የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሀብቱን በየሰዓቱ መዘነ።
ታክሲ ነጂው ኩዎ ሞተሩን ሳያጠፋ
ደረጃውን ሮጦ ወጣ፣ በሰው ተገፍቶ ሰው ገፋ።
የጥርስ ሐኪሙ ፓን፣ በሽተኛው አፉን ከፍቶ እየጠበቀ፣
ላሥር ደቂቃ ብሎ መጥቶ እስከ ምሳ ዘለቀ።
ከመቅደስ የመጣች፣ ጸጉሯን የተላጨች፣
"ለጣራ ማደሻ" ብላ የሲሚንቶ አክሲዮን ገዛች።
"ቢወርድስ?" የሚል የለም፤ ማን በክፉ ቃል አፉን አሟሽቶ፣
ማን ሟርተኛ ይሆናል ሠርግ ቤት ገብቶ?
በሩ ላይ የቆመውን የመዳብ በሬ ቀንድ
ይዳስሱታል ሲገቡ፤ ሳሩን እንጂ ማን ያያል ገደሉን፣ አንድ?

ሦስት መቶ አሥራ አንድ ነው ያን ቀን የቆጠረችው።
ወደ መስኮቴ መጣች፤ እጇ ሳሙና ነው የሚሸተው።
"ያለኝን ሁሉ ሽጥልኝ" አለች፣ በቀስታ፤
ዞር ብለው ያዩዋት ሳቁ፦ "አሮጊቷ ፈርታ!"

ቀዩ ግን አልቆመም። ሦስት ወር ጨመረ።
ኩዎ ሁለተኛ ታክሲ ገዛ፤ በእሷ እጅ ያው ባልዲው ነበረ።
በየቀኑ ኩባያ፣ በየቀኑ ሳቅ፤
ለብቻ ልክ መሆን እንደ መሳሳት ነው የሚያስጨንቅ።

አንድ ምሽት ነገረችኝ፣ ወንበር እየደረደረች፦
"ሰው ሁሉ ሞኝ አይደለም፤ መንገዱ መሃል ላይ ልክ ነው" አለች፤
"ግን ሁሉም ገዝቶ ሲያበቃ
ማን ይገዛዋል ከእሱ? ማን ቀረ ከደጅ፣ ያልነቃ?
ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤
ሃምሳው ባንዴ ላውርድ ሲል የሚቀበለው ማነው?"

ከአውሎ ነፋሱ ማግስት አረንጓዴው በራ።
ማክሰኞ። ረቡዕ።
እንደ ደህና እርሻ ለመለመ ግድግዳው፤ ያፈራው ግን ኪሳራ።
የኩዎ ሁለቱ ታክሲ አንድ ሆነ፣ ከዚያ ምንም፤
መነኩሲቷ ከዚያ ወዲያ ስለ ጣራ አላነሳችም፤
ዶክተር ፓን ወደ ጥርሱ፣
መርከበኛው ወደ ጨው፣ ሁሉም ወደየራሱ።

አንድ ብርዳም ቀን፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣
አራት ኩባያ ብቻ፤ አንዱ የእኔ ሻይ።
አራት ብላ ጻፈች። እርሳሷን ላሰች።
"አሁን ግዛልኝ" አለች።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሚስጥሩን ዓመት ሙሉ ያየሁት በዓይኔ፣
የእሷን ጻፍኩ እንጂ የራሴን አልጻፍኩም፤ ሰው ነበርኩ እኔ።

ወሬ እግር አለው። በሁለት ዓመቱ አዳራሹ ስለ ኩባያ ያወራል፤
አንዱ የእሱን በኪሱ ይደብቃል፣ ሌላው ሁለት ይጥላል፤
"ስንት ሆነ ዛሬ?" ይሏታል በባልዲዋ ዙሪያ ተሰልፈው፣
ሁሉም ከሰው በተቃራኒ ሊቆሙ፣ ሁሉም ባንድ መስመር ቆመው።

እሷ ዝም። ቀን መቁጠሪያዋን ከግድግዳ አውርዳ
ለዓሣ ሻጩ ሰጠችው፣ ለመጠቅለያ፣ ያለ ዕዳ።
ማታ እቤቴ ገብቼ ዓሣዬን ስፈታ፣
ሦስት መቶ አሥራ አንድ፣ የዚያን ቀኗ ቁጥር፣ በቅርፊት መሃል ተኝታ፤
ከጎኗም በደቃቅ ጽሕፈት፣ እርሳሱ ሊጠፋ ሲል፣
"ሸጥኩ። ደረጃው ላይ እግሬ ከዳኝ" ይላል።